አባት የሞላው ጥይት

ለውድ ወንድሜ ለማካር፣

እንደምን ከርመሃል? ደረትህ እንዴት ይዞሃል? የበረሃው አየር ሳልህን ቀነሰልህ ወይስ ዛሬም ሌሊቱን ያስቀምጥሃል? ጉልበትህስ ደረጃ ያስወጣሃል? የግራ ጆሮህ እንደ ድሮው ጥቂት ይሰማልሃል ወይስ እሱም እንደ ቀኙ ዘጋ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በእግሬ ቆሜያለሁ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቢያቅተኝም መጻፍና ማንበብ አላቃተኝም። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። አንተም ደህና እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ የልጁን መርዶ በሰው አገር ተቀምጦ የሰማ አባት እንደምን ነህ ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል? መጠየቅ ወግ ነውና ጠየቅሁህ፤ አለመመለስ ደግሞ ያንተ መብት ይሁን።

ትናንት የልጅህን የዚናይዳን አርባ አወጣን። ቄሱ ከከተማ በአውሮፕላን መጥተው ጸሎቱን አደረሱ። የተዝካሩን ሩዝ በማርና በዘቢብ አብስዬ፣ መካከሉ ላይ ሻማ ተክዬ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ፤ ሰው ሁሉ በማንኪያ በማንኪያ ቀመሰ። መቃብሯ ከእናታችን በስተግራ፣ ባሕሩ በሚታይበት በኩል ነው። መስቀሉን በግራ እጁ የሠራው ትሪፎን ነው፤ ወንዙን አቋርጦ የሚያልፈው ዓሣ በሚቆጠርበት አጥር ላይ አብሯት ይሠራ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ። በእኛ መስቀል ላይ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብለውን የታችኛውን አጭር አግዳሚ በተቃራኒው አዘንብሎ መትቶት ስለነበር አስነቅዬ እንደገና አስመታሁት። «እማማ ማትሮና፣ እሷ ብትሆን አትቆጣኝም ነበር» አለኝ። «እሷ አትቆጣህም፣ እኔ ግን እቆጣሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም መዶሻውን በመካከላችን አስቀምጠን አለቀስን።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልግባ። ይህን ደብዳቤ በኤቭዶኪያ በኩል ያልላክሁት አውቄ ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ ላማክራት ብሞክር ልጅህ ጮኸችብኝ። «አክስቴ፣ ሊገድሉት ነው እንዴ? ሐኪሙ ልቡን ጠብቁለት ብሎናል። የተቀበረ ነገር ለምን ይቆፍራሉ?» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ የምትጠብቀው የአባቷን ልብ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን በዚያ ባሉት በደብራችሁ ቄስ አድራሻ ልኬዋለሁ፤ ከእጃቸው ወደ እጅህ እንዲያደርሱልኝ ለምኛቸዋለሁ። ተቀምጠህ አንብበው። መካከል ላይ አትጣለው።

ነገሩ ይህ ነው። ልጅህ ኩዝማ በኖቬምበር ከሁለተኛው የድብ አዳኞች ቡድን ጋር ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ወደ ወንዙ ራስ ሊወጣ ነው። የሚታጠቀው የእህቱን ሽጉጥ ነው። የሚያጎርሰው አንተ በእጅህ ባሩድና እርሳስ የሞላኸውን ጥይት ነው። በዚያች ሽጉጥ ያ ጥይት ሊያስገድለው ይችላል፤ እህቱን እንዳስገደላት። ይኸው ጻፍኩት። አሳምሬ የምጽፍበት ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። በጸደይ ጀልባዋ ስትገለበጥ ያንተ ከባዱ ሽጉጥ አብሮ መስመጡን ታውቃለህ። ዚናይዳ ያለ መሣሪያ ወንዙ ላይ መሥራት አትችልም ነበር። እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ ለብሶ ውሃ ውስጥ ቆሞ የዓሣ መቁጠሪያውን አጥር የሚያጸዳ ሰው ደግሞ ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ አይሆንለትም። ስለዚህ ያችን አዲስ ቀላል ሽጉጥ ገዛች። የጥይቱ ልክ ካንተው ጋር አንድ ነው፤ ክብደቷ ግን የሱን እኩሌታ አይሞላም። ፎቶዋን ስትልክልህ «ላባ ናት፤ ጎሽ ልጄ» ብለህ ጽፈህላት ነበር። ያን ወረቀት ለእኔም አንብባልኛለች።

ክርክሩ የነበረው ጥይት መምረጡ ላይ ነው። ከተማ ያለው ሻጭ አንድ ፓኮ ሰጥቷት መጣች። ፓኮው ላይ በትልቁ «ለራስ መከላከያ» የሚል ተጽፎበታል። እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ትሪፎን አንዱን አንሥቶ አናቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተመለከተው፤ አናቱ እንደ ትንሽ ስኒ ጎድጓዳ ነው። ሳቀ።

«መከላከያው ከማን ነው ዚና?» አላት።

«ከድብ ነዋ! ከማን ሊሆን ኖሯል?»

«ይሄማ የከተማ ሌባ መከላከያ ነው። ሰው ውስጥ ገብቶ እንደ አበባ ይፈካና እዚያው ይቀራል። ድቧ ስቧን እንኳን ሳያልፍ፣ ማነው የኮረኮረኝ ብላ ትዞርብሻለች።»

«ሻጩ ግን ከዚህ የተሻለ የለም አለኝ።»

«ሻጩማ ድብ ያየው ቴምብር ላይ ነው!»

እኔም ጣልቃ ገብቼ መከላከያ የሚለው ቃል ከማን እንደሆነ ካልነገረ ጎደሎ ቃል ነው አልኳት። ዚናይዳ ሳቀችብንና «አባባ ቢሆን ምን ያጎርስ ነበር?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ሄዳ ጣሳህን ከአልጋዋ ሥር አወጣች። ወደ አሪዞና ከመሄድህ በፊት በነበረው ክረምት በእኔ ምድጃ እርሳስ እያቀለጥክ፣ ቤቱን እያገማህብኝ የሞላኸውን ማለቴ ነው። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ፣ ከባድ፤ ገብቶ አጥንት ሰብሮ የሚያልፍ። ትሪፎን በመዳፉ መዘነውና «ይሄ ነው ጥይት» አለ። ሁላችንም ይሄ ነው አልን። ዛሬም ቢሆን ለድብ የሚሆነው ጠንካራው እርሳስ ነው እንጂ ጎድጓዳው አይደለም እላለሁ። የተሳሳትነው ጥይቱን ለድቡ መርጠን ለሽጉጧ ሳንመርጥ መቅረታችን ነው።

የቀለሁን፣ የጥይቱን የናስ ቀፎ፣ አፍ እርሳሱ ላይ እንዴት ታስነክሰው እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ቀለሁ ቶሎ ተሰንጥቆ እንዳይጣል፣ ደጋግሞ እንዲሞላ ብለህ እርሳሱን ላላ አድርገህ ነበር የምታሲዘው። በከባዱ ሽጉጥህ ይህ ምንም ጉዳት አልነበረውም፤ ብረቱ ምቱን ይውጠው ነበር። ቀላሏ ግን አትውጠውም፤ በተኮሱ ቁጥር በኃይል ወደ ኋላ ትወረወራለች። በሽጉጧ ተሽከርካሪ ከበሮ ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁት ጥይቶች ቀለሃቸው ከሽጉጧ ጋር ወደ ኋላ ሲሳብ እርሳሳቸው ባለበት መቅረት ይፈልጋል። በየተኩሱ ጥቂት ጥቂት እያለ ከቀለሁ ይወጣል። በመጨረሻ ከከበሮው ፊት ብቅ ይልና ከሽጉጧ አካል ጋር ይጋጫል። ያን ጊዜ ከበሮው አይዞርም፤ ምላጩም አይሳብም። ይህን ያስረዳኝ የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንኑ ነው። በሚገባ እስኪገባኝ ድረስ አስደግሜዋለሁ።

ቀድሞ ሳትሞክረው ነው ወይ ትል ይሆናል። ሞክራዋለች እኮ! ዓሣው መውጣት ሳይጀምር ከዓሣ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ወርዳ ሞከረችው። ግን አንድ ጥይት ታጎርሳለች፣ ትተኩሳለች፣ ቀለሁን ታወጣለች፣ እንደገና አንድ ታጎርሳለች። ትሪፎን «ሙሉውን አጉርሺና ልቀቂው እንጂ! እንደ ቁርባን አንድ አንድ ታቀብያታለሽ እንዴ?» ብሎ ሲቀልድባት፣ «የአባባ እጅ አሁን ይንቀጠቀጣል፤ ከእንግዲህ አይሞላም። ይሄ ያለቀ ዕለት አለቀ ነው» አለችው። ጥቂት ተኩሳ ጣሳውን ከደነችው። ከበሮውን ሞልታው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እዚያ ዳርቻ ላይ ይያዝባት ነበር፤ ሁላችንም ስቀን፣ ሌላ ጥይት ፈልገን፣ እሷም ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር። ልጅህ ሳስታ ነው የሞተችው ማካር። ለጥይት አይደለም የሳሳችው፤ ላንተ ነው።

የዚያን ዕለት የሆነውን የነገረኝ ትሪፎን ነው። እሱ ከወንዙ ማዶ ነበር። ዚናይዳ አጥሩ ላይ የተጠራቀመውን ግንድና ቅጠል እያነሣች ሳለ ድቧ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ከቁጥቋጦው ወጣች። ዚናይዳ አልሮጠችም። ቀስ እያለች ወደ ኋላዋ እየሄደች «እሺ እመቤቴ፣ ወንዙ ያንቺ ነው፤ ሄድኩልሽ» ስትላት ትሪፎን ሰምቷታል። አንዱ ግልገል ግን ዞሮ ከዚናይዳ ጀርባ ገባ። ከዚያ ወዲያ እናቲቱን የሚመልስ ቃል የለም። መጣች። ልጅህ አንድ ተኮሰች፣ ሁለተኛም ተኮሰች። በሦስተኛው ትሪፎን የሰማው የተኩስ ድምፅ አልነበረም። «ተያዘብኝ!» የሚለውን ጩኸቷን ነው የሰማው። ውሃውን አቋርጦ የጀልባ መቅዘፊያ ይዞ ደረሰ። ድቧ የቀኝ ክንዱን ሰብራው ጥቂት እልፍ ብላ በዚናይዳ ሁለት ጥይቶች ወድቃ ሞተች። ዚናይዳ አውሮፕላን ሳይደርስላት አረፈች። አልተሠቃየችም ብለውሃል፤ እሱን እኔ አላረጋግጥልህም። ትሪፎን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

በስልክ «እርሳሴ ዘለቀ ወይ?» ብለህ ስትጠይቅ፣ ኩዝማ ጆሮህ እንዲሰማ ብሎ «ዘልቋል አባባ! ዘልቋል!» እያለ ሲጮኽ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ዋሽቶህ አይደለም። ድቧ ስትከፈት እርሳስህ በትከሻዋ ገብቶ ዳሌዋ ድረስ ዘልቆ ተገኝቷል። ኩዝማ የነገረህ የነገሩን እኩሌታ ነው። የቀረውን እኩሌታ መኮንኑ ሽጉጧን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ በዓይኔ አየሁት። ከበሮው ውስጥ ከቀሩት እርሳሶች አንዱ ከጓደኞቹ ተለይቶ የጥፍር ውፍረት ያህል ወጥቷል። በጣቴ ዳሰስኩት። ያን ያህል ትንሽ ነገር ነው።

ኩዝማ ግን እንቢ አለ። «ስትወድቅ ድንጋይ መትቶት ነው» አለኝ። «እህቴ ደንግጣ ነው፤ እኔ አልደነግጥም» አለኝ። ከበሮውን ሞልተህ አንድ እስኪቀር ተኩስና የቀረውን ለካው ብለው «አክስቴ፣ ይሄ እንደ ድሮው የሚያስተምሩበት ክፍል አይደለም፤ ፈተና አይስጡኝ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም እሱ እንፋሎት መታጠቢያ ቤት በገባበት ሽጉጧንና ጥቂት ጥይት ይዤ ከትሪፎን ጋር ወደ ዳርቻው ወረድኩ። ትሪፎን ቀኝ ክንዱ በጀሶ ስለታሰረ በግራው ተኮሰ፤ ምቱ መዳፉን አሳበጠው። ከበሮው ሳያልቅ ቆመ፤ ልክ መኮንኑ እንዳለው። የወጣውን ጥይት በመሐረብ ጠቅልዬ ለኩዝማ አመጣሁለት።

አገላብጦ አየውና «እርሳሱን የሳቡበትን ጉጠት የት ደብቀውት ነው?» አለኝ።

«ጉጠት አልነካሁም። ሂድና ትሪፎንን ጠይቀው።»

«ትሪፎን እርስዎ በሉ ያሉትን ይላል።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አክስቴ፣ ከአባባ እጅ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ በዚህ እጅ ነው የሞተችው ሊሉኝ ነው። ይተዉኝ እባክዎ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጁ ደንቆሮ አይደለም። መኮንኑ የተናገረውን ከእኔ ቀድሞ ተረድቶታል። ተረድቶት ነው እንቢ ያለው። ጥይቱ አይሆንም ካለ አባቴ እህቴን ገደላት ማለት መስሎታል፤ ያን ከሚል ደግሞ ሞቱን ይመርጣል። ጣሳውን ባሕር ልጥለው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከወገቡ አይለየውም። ቢጠፋበትም መደርደሪያው ላይ የቀረውን ያን ጎድጓዳ ጥይት ያጎርሳል እንጂ እኔን አይሰማም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በእናቱ መቃብር አማልኩት። ቄሱም መከሩት። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ ውሃ ሆነብኝ።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። ጥይቴን በዚያች ሽጉጥ አታጉርስ ብለህ እዘዘው። በኤቭዶኪያ አፍ ከሆነ አያምነውም፤ ያንተ ቃል መሆን አለበት። ፋብሪካ የሞላውን፣ ቀለሁ እርሳሱን ጥብቅ አድርጎ የነከሰውን፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጠንካራ እርሳስ ይግዛ። እሱንም ከበሮውን ሞልቶ፣ አንድ እስኪቀር ተኩሶ፣ የቀረውን ሳይለካ አይመነው። ያም ካልሆነ ሽጉጧን ቤት ትቶ ጠመንጃ ይያዝ፤ ሸክሙ ቢከብደውም ይክበደው።

ይህን ስትለው ምን ማለትህ እንደሚሆን አውቃለሁ። አንዱን ልጅህን ለማትረፍ የሌላዋን ሞት በራስህ ላይ እንድትፈርም ነው የምጠይቅህ። አልገደልካትም ልልህ እችላለሁ። ያ ጥይት በሽጉጥህ ስንት ዘመን አንድ ቀን አላሳፈረህም፤ ሽጉጡ ይለወጣል ብለህ አልሞላኸውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንተ ግን አታምነኝም፤ እኔም ባንተ ቦታ ብሆን አላምንም። የሚያጽናና ቃል ብፈልግ አጣሁ፤ ከሌለ ደግሞ አልፈጥርም።

እዚህ ድረስ ጽፌ ብዕሬን ሳስቀምጥ ትሪፎን በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ከመጀመሪያው ቡድን ተሸካሚዎች አንዱ ታሞ ኩዝማ በሱ ቦታ ተተክቷል አለኝ። የሚሄደው በኖቬምበር መሆኑ ቀረ፤ ነገ ነው። አዳኞቹን የሚያመጣው አውሮፕላን ጉሙ ከተገለጠ ነገ ጠዋት ይደርሳል፤ እነሱን አራግፎ ፖስታውን ይዞ ይመለሳል። ይህ ደብዳቤ የሚወጣው ልጅህን የሚያስወጡት ሰዎች በመጡበት አውሮፕላን ነው። አንተ ስታነብበው እሱ ወንዙ ራስ ላይ ነው።

ያም ሆኖ አልቀደውም። ስልክ ብደውል የምታነሣው ኤቭዶኪያ ናት፤ የቄሳችሁን ቁጥር ደግሞ አላውቅም። የአዳኞቹ መሪ ሚስት አግራፌና በየምሽቱ ወንዙ ራስ ላይ ላለው የአዳኞቹ ሰፈር በሬዲዮ መልእክት ታነባለች። የስልክ ቁጥሯን በሌላ ወረቀት ጽፌ ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ። የደብራችሁ ቄስ ይደውሉላት፤ አንተ የምትለውን አንድም ቃል ሳያሳምሩ ይንገሯት። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ባዕዳኑ አዳኞችም ይሰሙታል። ይስሙት። እስከዚያ ድረስ ባሉት ቀኖች ምን እንደሚሆን አላውቅም። በጸሎት መጽናናት አለብሽ ይሉኛል፤ እጸልያለሁ፣ አልተጽናናሁም።

ኤቭዶኪያን ሳምልኝ። ምክሯን ሰምቼ እንዳልተቀበልኩ ንገራት፤ ትቀየመኝ፣ መብቷ ነው። ለባሏ ለስቴፓን ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ላንተ የሚያደርገውን ሁሉ እግዚአብሔር ይቁጠርለት። ትንሿ ሉኪያ ፊደል መጻፍ ጀምራለች ብለኸኛል፤ እርሳሷን አጥብቃ እንዳትይዝ፣ ጣቷ ይጠጥራል። ትሪፎን እጅህን ይስማል፤ ያዳነኝ ያንተ እርሳስ ነው ብሎ እንድጽፍልህ አስምሎኛል፤ ለእሱ እውነት ነው።

ኩዝማን ደግሞ አሁን፣ መብራት ሳልለኩስ፣ ለነገው ጀልባውን ሲጭን በመስኮት አየሁት። ወጥቼ ጠራሁት። ላናግረው እንደሆነ ገብቶት ወደ እኔ አልመጣም፤ ከጀልባው ላይ ሆኖ ወገቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «አክስቴ፣ ለአባባ ሲጽፉለት ጥይትህ ከኔ ጋር ነው፣ አታስብ በሉልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሰላምታውን እንዳለ አድርሼሃለሁ።

እህትህ ማትሮና

ላዛር ወሽመጥ፣ ኮዲያክ ደሴት
ኦክቶበር 20 ቀን 2016